«ነገ ቶርኔዶ አለ ወይ?» እያላችሁ አትደውሉልኝ

ቴክሳስ፣ ዳላስና ጋርላንድ አዲስ የገባችሁ፣ ይቺን አንብቡና ሌሊት አትቀስቅሱኝ። በየዓመቱ መጋቢት ሲጠባ ጥያቄው ያው ነው፦ «ነገ ቶርኔዶ (ከደመና መሬት የሚወርድ አዙሪት ነፋስ) አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ነገ እናንተ ሰፈር እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚታወቀው ሌላ ነው።

ኦክላሆማ፣ ኖርማን ከተማ ያለው የአውሎ ነፋስ ትንበያ ማዕከል ከባድ አየር የሚያሰጋውን አካባቢ እስከ 8 ቀን አስቀድሞ ካርታ ላይ ያወጣል። «አካባቢ» ሲሉ ግን ግማሽ ቴክሳስ ሊሆን ይችላል። ሰዓታት ሲቀሩ «ዋች» ይወጣል፤ አየሩ ለቶርኔዶ ተመቻችቷል ማለት ነው። ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ከልጆች አትራቁ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ። «ዋርኒንግ» ሲባል ግን ራዳር የሚሽከረከር ደመና ይዟል፣ ወይም ሰው በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ ያላችሁ በአማካይ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። አንዳንዴ እሱም የለም። አምስት ዓመት ኖሮ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አውቃለሁ፤ ምን ልበለው?

ከ10 ዋርኒንግ 7 ያህሉ ያለ ቶርኔዶ ያልፋል። ራዳሩ የሚያየው ሰማይ ላይ ያለውን ሽክርክሪት ነው፤ አብዛኛው መሬት ሳይነካ ይበተናል። ሐበሻ ታዲያ ሁለቴ «ውሸት» ከሆነበት፣ በሦስተኛው በረንዳ ላይ ወጥቶ ቪዲዮ ይቀርጻል።

እኔ ከቀራጩም እብስ ነበር። የሌሊት ሥራ ስለነበረኝ ቀን እተኛለሁ። የጠፋ ልጅ ማፈላለጊያ መልእክት ስልኬ ላይ እየጮኸ ሁለት ሦስቴ ሲቀሰቅሰኝ፣ ተናድጄ የስልኩን ማስጠንቀቂያ የአየሩንም ጨምሬ በሙሉ አጠፋሁት። ሳይረን (የከተማው የአደጋ ጩኸት) አለ አይደል? ኦክቶበር 20፣ 2019፣ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቶርኔዶ ሰሜን ዳላስን ሲያቋርጥ፣ እኔ ፋን ለቅቄ ተኝቻለሁ። የነቃሁት መብራት ሄዶ ፋኑ ሲቆም ነው። ስወጣ ከእኛ ሁለት መንገድ ማዶ ጣሪያ የለም። ያን ማታ አንድም ሰው አለመሞቱ የፈጣሪ ሥራ ነው። ሳይረኑን ጭራሽ አልሰማሁትም፤ ለካ የተተከለው ደጅ ላለ ሰው ነው! (ዳላስ ውስጥ በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ቢጮህ ሙከራ ነው፤ አልጋ ሥር አትግቡ።) የጠፋ ልጅ መልእክቱ ከረበሻችሁ እሱን ብቻ ለይታችሁ አጥፉ። የአየሩን አትንኩት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮም ግዙ፤ ከአንድ ክትፎ ብዙም አይበልጥም።

የት እንደምትደበቁ የአፓርታማውን ቢሮ አትጠይቁ። እኔ ጠይቄ «ሊዝህን (የኪራይ ውልህን) አንብብ» ተባልኩ። ሙሉውን አነበብኩት። ስለ ውሻ አለ፣ ስለ ቶርኔዶ የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ ራሳችሁ ምረጡ፦ የታችኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮት የሌለው፣ መሐል ላይ ያለ ክፍል፤ መታጠቢያ ቤት ወይም ክሎዜት (የልብስ ማስቀመጫ ክፍል)። እዚህ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ክፍል) ያለው ቤት ብርቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ታች ካለው ጎረቤት ጋር ከአሁኑ ቡና ተጣጡ። ስትገቡ ጫማ አድርጉ፤ በኋላ የምትረግጡት መስታወት ነው።

መኪና አስነስቶ ማምለጥ ለሚያምረው ደግሞ፦ ዲሴምበር 26፣ 2015 ጋርላንድ ላይ ከሞቱት 10 ሰዎች አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ። ድልድይ ሥር መቆምም መጠለያ አይደለም።

ዋርኒንግ ሲወጣ «እውነት ነው?» ብላችሁ ብትደውሉም አላነሳም። ክሎዜት ውስጥ ነኝ።