የቡና ሒሳብ በስክሪፕት ስትነኩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ ቡና ለሚሰበስብ አንድ ማኅበር በዳታቤዝ (በመረጃ ቋት) የተቀመጠውን የአርሶ አደሮች ሒሳብ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ስክሪፕት፣ ማለትም በአጭር ፕሮግራም፣ አስተካክላለሁ። እያንዳንዷ ረድፍ ጀንፈሉን አስረክቦ ብሩን የሚጠባበቅ የአንድ አባወራ ሒሳብ ናት። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ያንገበግበኛል።

«ዌር»ን መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አንድ ቀን የጎማ ወረዳን ዋጋ ብቻ ልቀይር ብዬ «አፕዴት» የሚለውን መረጃ የሚቀይር ትእዛዝ ጻፍኩ። ወረዳውን የሚለየውን «ዌር» ረሳሁት። ኤንተር ስመታ የማናውም፣ የሰቃ ጨቆርሳውም፣ የቀርሳውም ዋጋ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ዳታቤዝ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል። ያተረፈኝ ኮሚት አለማድረጌ፣ ማለትም ለውጡን አለማጽናቴ ነው። ሮልባክ አልኩት፣ ተመለሰ።

አሁን መጀመሪያ በዚያው «ዌር» «ሰሌክት» አድርጌ ስንት ረድፍ እንደሚመጣ አያለሁ። አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ደግሞ ስንት ረድፍ እንደተነካ የሚናገረውን «ሮውካውንት»ን አነባለሁ። 42 ጠብቄ 900 ካሳየኝ ኮሚት የለም። ልብ በሉ፣ ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ በኮማንድ ላይን (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ስትከፍቱ፣ ይህን ልማዱን ካላጠፋችሁበት በቀር እያንዳንዱን ትእዛዝ ራሱ ኮሚት ያደርጋል። እዚያ ሮልባክ አያድናችሁም።

ኮሚት ሳያደርጉ መዝጋት

የፊተኛው ተገላቢጦሽ ነው። ስክሪፕቱ ያለ ምንም ኤረር ያልቃል፤ ጠዋት ስትከፍቱት ግን ምንም አልተቀየረም።

አብረው መሄድ ያለባቸውን መነጣጠል

ከአባሉ ብድር ላይ ስትቀንሱ ክፍያው ላይም ትመዘግባላችሁ። ሁለቱን ለየብቻ ኮሚት ካደረጋችሁና መሀል ላይ መብራት ከጠፋ፣ ብድሩ ተቀንሶ ክፍያው የለም። በአንድ ትራንዛክሽን ያዟቸው፤ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።

ስም እየቀጣጠሉ ትእዛዝ መጻፍ

እኛ ጋ ብዙ ስም በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ ይመዘገባል። ቁቤ ደግሞ ሁዻ አላት፣ ያቺ ከፊደላት መሀል የምትገባ ነጠላ ጭረት (')። ስሙን በቀጥታ ትእዛዙ ውስጥ ከቀጠላችሁት፣ ኤስኪውኤል (ለዳታቤዝ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ) እሷን ሲያይ ጽሑፉ ያለቀ ይመስለውና ትእዛዙ ይበላሻል። ሆን ብሎ ጉዳት የሚያደርስ ሰውም የሚገባው በዚያችው ቀዳዳ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት አስቀምጡ፣ ስሙን ለብቻው አቀብሉት። ኤስኪውላይት ለተባለው ዳታቤዝ በተሠራው የፓይተን ሞጁል እንዲህ ይሠራል፤ በማይኤስኪውኤል ምልክቱ ይለያል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ሞክሼ ፊደላትን መዘንጋት

አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ጸሀይ» ይላል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ፈልጎ ሲያጣት አዲስ ረድፍ ይከፍትላትና ሒሳቧ ለሁለት ይከፈላል። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው የሚመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ። ውጤቱን ለፍለጋ ብቻ በተለየ ኮለም (ዓምድ) አስቀምጡ። ሰውዬው የጻፈውን ስም ግን አትንኩበት። ይበልጥ አስተማማኙ አባላትን በመለያ ቁጥር መፈለግ ነው።

የእኛን ቀን እንዳለ በዴት (የቀን) ኮለም መክተት

ጥቅምት 30 በቁጥር ሲጻፍ ወር 2፣ ቀን 30 ነው። ዳታቤዙ ይህን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ማይኤስኪውኤል በጥብቅ ሞዱ አልቀበልም ይላል። ኤስኪውላይት ዝም ብሎ ይውጠዋል፣ ይሄ ይብሳል። ጳጉሜንማ ተዉት፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። በፈረንጆቹ አስቀምጡና ደረሰኙ ላይ ስታትሙ ወደ እኛ መልሱት።