ናፍታሊን በሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምን ያህል እንደሚሟሟ እንዴት ይለካል?

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እና ከ74 ባር (የግፊት መለኪያ) በላይ ሲሆን ሱፐርክሪቲካል ይባላል፤ እንደ ጋዝ በየቀዳዳው ይሰርጋል፣ እንደ ፈሳሽ ደግሞ ያሟሟል። ካፌይን ከቡና የሚወጣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ግን ምን ያህል ያሟሟል? ለመለማመድ ናፍታሊን ይሻላል። ልብስ ብል እንዳይበላው ቁምሳጥን ውስጥ የምንጥለው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለተለካ ውጤታችሁን የምታስተያዩበት ቁጥር አታጡም።

መጀመሪያ የተፈጨ ናፍታሊን ከትንንሽ የመስታወት ጠጠሮች ጋር ቀላቅላችሁ ወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ ጨምሩ። ሁለቱንም ጫፍ በመስታወት ጥጥ ያዙት፤ አለበለዚያ ያልሟሟ ብናኝ ከጋዙ ጋር ወጥቶ ቁጥሩን ያበላሸዋል። ቱቦውን 35 ዲግሪ ላይ በረጋ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሙቀቱን ብዙ አታሳድጉ። ናፍታሊን ብቻውን 80 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ በዚህ ግፊት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚገባበት ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎም ሊቀልጥ ይችላል።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፈሳሽ ሆኖ እንዲገባ የፓምፑን ራስ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ 100 ባር አድርሱት። የደህንነት ቫልቭ ከሌለ በፍጹም አትጀምሩ! ክፍሉም በደንብ አየር የሚያገኝ ይሁን፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ያፍናል።

አሁን የመውጫውን ቫልቭ በጥቂቱ ክፈቱ። ግፊቱ ሲወርድ ብርቱ ቅዝቃዜ ስለሚፈጠር ናፍታሊንና ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ቫልቩን ይደፍኑታል፣ ስለዚህ አሙቁት። ናፍታሊኑ በበረዶ የተከበበ ጠርሙስ ውስጥ ይቀራል፣ ጋዙ በጋዝ ቆጣሪ ያልፋል። መስመሩ ላይ የተጣበቀውን ናፍታሊን በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በሄክሴን፣ አጥባችሁ ደምሩ። ሄክሴኑን አትንኖ መመዘን ግን አያዋጣም፣ ናፍታሊኑም አብሮ ይተናል፤ ፈሳሹ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በሚለካው መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ ለኩት።

በድምሩ 0.5 ግራም ናፍታሊን ተገኘ፣ ቆጣሪው 10 ሊትር አነበበ እንበል። ናፍታሊኑ 0.0039 ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ነው። ጋዙ በ25 ዲግሪ በባሕር ጠለል 0.41 ሞል ይሆናል፣ የናፍታሊኑ የሞል ድርሻም (ከሁለቱ ድምር ሞል የናፍታሊኑ እጅ) 0.0094። አዲስ አበባ ላይ ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ያው 10 ሊትር 0.31 ሞል ብቻ ነው፤ ድርሻው ወደ 0.012 ይወጣል። ባሮሜትር ሳታነቡ አታስሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍተሻ ይቀራል። ፍሰቱን በግማሽ ቀንሳችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ካልተለወጠ ጋዙ ናፍታሊን ጠግቦ ነው የወጣው። ከጨመረ ሳይጠግብ አልፏል፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ፍሰቱን እየቀነሳችሁ ሂዱ፣ ወደ 150 እና 200 ባር የምታልፉት ከዚያ በኋላ ነው።