ለአሮጌ የስፖርት መኪና የነዳጅ መስጫ ዘንግ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአካባቢያችን የነዳጅ መስጫን አሠራር የሐረጎን ዳገት ያህል የሚፈትን መንገድ የለም። መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። አቀበቱ መስጫው ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያሳያል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ እግር ሲነሣ ወዲያው መዘጋቱን ያጋልጣል። በምሳሌነት የምወስዳት ፊያት 124 ስፓይደር በ1966 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ባለ 1,438 ሲሲ ሞተሯ አንድ ካርቡራቶር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ክፍል) ብቻ ነበረው፤ በኋላ የመጣው ባለ 1,608 ሲሲ ሞተር ግን ሁለት የዌበር ካርቡራቶሮች ተገጥመውለታል። የመጀመሪያውን ሞተር ወደ ሁለት ካርቡራቶር የሚቀይር ባለቤት ከፔዳሉ የሚመጣውን ዘንግና ዘንጉ ሲስበው የካርቡራቶሩን ክዳን የሚያዞረውን ክንድ ቶርኖ ቤት ማሠራቱ አይቀርም፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ክንዱና ዘንጉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንዲውሉ አድርጎ መግጠም ነው። ያን መስመር ጥቂት እንኳ ካለፉ፣ ሞላው የቱንም ያህል ቢጠነክር ክንዱን ከመመለስ ይልቅ ባለበት ይቆልፈዋል። ይህ በገዛ እጄ በሠራሁት ዘንግ ላይ ደርሶብኛል፤ ከደሴ ስወርድ አንድ የጭነት መኪና ለማለፍ ረግጬ እግሬን ባነሣም ሞተሩ መጮሁን አላቆመም። ፍሪሲዮን ረግጬ፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሼ ዳር ያዝሁ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ፍሬኑን ደጋግሞ ከመርገጥ ይልቅ አንዴ ረግጦ እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የካርቡራቶሩ የአየር ክዳኖች ወለል ብለው ሲከፈቱ ሰርቮው (ፍሬኑን የሚያግዘው ክፍል) የሚሠራበት የሞተሩ አየር የመምጠጥ ኃይል ስለሚጠፋ፣ በእያንዳንዱ ርግጫ ፔዳሉ እየደነደነ ይሄዳል። መፍትሔው ክንዱ በጉዞው መካከል ላይ ከዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ ማድረግና ከዚያ ነጥብ ወዲህም ወዲያም 45 ዲግሪ ያህል ብቻ እንዲሄድ መወሰን ነው። ዘንጉ 50 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ክንድ ይህን ሩብ ዙር ይሰጣል። ፈጣን ምላሽ ፈልጎ ክንዱን ከዚህ ማሳጠርም ስህተት ነው፤ ክዳኑ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ብዙ አየር ስለሚያስገባ፣ መኪናዋ በደሴ ፒያሳ ዳገት ላይ በቀስታ ልትነሣ ሲገባት እየዘለለች ታስቸግራለች።

ሌላው ስህተት በአንድ ሞላ መተማመን፣ ይልቁንም ያን ሞላ ከፔዳሉ ጋር ብቻ ማሰር ነው፤ ዘንጉ መሐል ላይ ቢወልቅ ፔዳሉ ሲመለስ ካርቡራቶሩ እንደተከፈተ ይቀራል። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 124 ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መስጫውን መመለስ የሚችሉ ቢያንስ ሁለት መመለሻዎች እንዲኖሩ ያዝዛል። እኛን የሚያስገድደን ሕግ ባይሆንም፣ ሁለቱንም ሞላዎች ካርቡራቶሩ አጠገብ፣ በየራሳቸው መንጠቆ ላይ ማድረግ ወጪው ኢምንት ነው። ከዚያም ተራ በተራ አንዱን ፈትቶ ሌላው ብቻውን መዝጋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ እንደሚወዛወዝም ብዙዎች ይዘነጋሉ። ከመኪናዋ አካል ተነሥቶ ካርቡራቶር ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ደረቅ ዘንግ፣ ሞተሩ በተጋደለ ቁጥር መስጫውን ራሱ ይስባል ወይም ይገፋል፤ በመጀመሪያ ማርሽ ስንነሣ የሚሰማው መንገጫገጭም ብዙ ጊዜ ከፍሪሲዮን ሳይሆን ከዚህ ይመጣል። ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ቢኖረውና ሞተሩ ከሚወዛወዝበት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ቢሠራ ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል። ሽፋን ያለው ገመድ የተጠቀመ ሰው ደግሞ፣ በካርቡራቶሩ በኩል ያለው የሽፋኑ ጫፍ ከሞተሩ ጋር እንጂ ከመኪናዋ አካል ጋር እንዳይታሰር ይጠንቀቅ።

መያዣውን ከስስ ላሜራ መሥራትም ከንቱ ድካም ነው፤ ላሜራው ይለመጥና ፔዳሉ ወለል ሲነካ ክዳኑ ገና ሦስት አራተኛ ላይ ይቀራል። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በአምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ጉልበት ያጣው ባለቤት ነገሩን ከከፍታው ቆጥሮ ዝም ይላል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የወለሉ ምንጣፍ በቦታው እንዳለ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ ክዳኖቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን በዓይኑ ይይ። ከፔዳሉ ሥርም ማቆሚያ ብሎን ይኑር፤ ካልሆነ የእግር ክብደት ሁሉ በካርቡራቶሩ ቀጭን ዘንግ ላይ ያርፍና ያጣምመዋል።

ሁለቱን ካርቡራቶሮች የሚያገናኘው ዘንግ እንደተያያዘ ሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ማስተካከልም የተለመደ ጥፋት ነው። መጀመሪያ ማገናኛው ተፈትቶ የሁለቱ የአየር አሳሳብ በየራሱ ይስተካከል፤ ከዚያም የዘንጉ ርዝመት ሚኒሞውን ሳይነካ እንዲገባ ተደርጎ ይታሰር። ዳዶዎቹም ሐረጎን አንዴ ወጥተው ከወረዱ በኋላ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና መፈተሽ አለባቸው።