ካርታው «እዚህ ነው» ይላል፣ ዲቴክተሩ ቆርኪ ያወጣል፦ ችግርና መፍትሄ ከድሬዳዋ

ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረትና ሳንቲም ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ) ከውጭ የመጣለት ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። የራሱን ግቢ ይፈትሻል፣ ሚስማር ያወጣል። የጎረቤቱን ግቢ ይፈትሻል፣ ሚስማር ያወጣል። ከዚያ አንዱ «አሮጌ ካርታ ፈልግ፣ ድሮ ሰው የነበረበትን ያሳይሃል» ይለዋል። ካርታውን ያገኛል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ሚስማር ያወጣል፣ ዲቴክተሩን መሳደብ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከጓደኛዬ ጋር ድሬና ሐረር መሃል ስንከራተት ቆይተን የገባን ነገር፣ አብዛኛው ጥፋት የመሣሪያው ሳይሆን የካርታ አነባበባችን መሆኑ ነው።

ወደ ችግሮቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም መቆፈርም ክልክል ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብበው። ስለዚህ ጀጎልን እርሳው። ግንቡ ሥር፣ በሮቹ አጠገብ፣ የቆየ መቃብር ያለበት ቦታ፣ እንደ ለገ ኦዳ ያሉ የዋሻ ሥዕል ያለባቸው አካባቢዎች፣ አይሞከሩም። እኛ የምንወጣው የሚታረስ ማሳ ላይ ነው። ባለቤቱ እሺ ብሎ፣ ባህል ቢሮና ቀበሌ አውቀውት፣ ደብዳቤ ኪስ ውስጥ ገብቶ። አቦ፣ ማዳመጫ አድርገህ መሬት ለመሬት ስትጠርግ የሚያይህ ሰው ወርቅ እየፈለግክ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ በአምስት ደቂቃ መንደሩ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ደብዳቤው ከዲቴክተሩ ይበልጣል።

«ስልኬ ወለጋ ወሰደኝ»

ከ1፡50,000 ካርታ ላይ የአንድ ቦታ መገኛ ቁጥር ታነባለህ። ሐረር አጠገብ ነው። ስልክህ ላይ ስትከተው ነጥቡ ወለጋ ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያ ቀን ስልኩ ተበላሸ ብዬ አጥፍቼ አበራሁት።

ምክንያቱ የሰፈራችን ዕጣ ነው። ካርታዎቹ ዩቲኤም በሚባለው፣ ምድርን በየስድስት ዲግሪው ዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚቆጥረው ዘዴ ነው የሚሠሩት፤ ዞኑ 42ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይቀየራል፣ ይቺ መስመር ደግሞ ሐረማያ አካባቢ ታልፋለች። ድሬ ዞን 37 ነው፣ ሐረር ዞን 38። ከድሬ ተነስተህ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር እስክትገባ ዞን ተሻግረሃል ማለት ነው። የዞን 38ን ቁጥር ዞን 37 ብለህ ካስገባኸው ስድስት ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይወረውርሃል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ከካርታው ጠርዝ ላይ ዞኑን አንብብ፣ ስልኩ ላይ እሱኑ ምረጥ። ቁጥር ስትጽፍም ዞኑን አብረህ ጻፍ። ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ዞን ያልተጻፈባቸው ቁጥሮች ነበሩኝ፣ የትኛው የት እንደሆነ እስከዛሬ አልለየሁትም።

«ሁሌም ትንሽ እስታለሁ፣ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ»

ይሄኛው ክፉ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። ዞኑ ልክ ነው፣ መንደሩ ልክ ነው፣ ግን የቆምክበት ቦታ ከትክክለኛው ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይርቃል። አሮጌዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው። ስልክህ የሚያወራው ግን ሌላ ነው፣ ደብሊውጂኤስ 84። ሁለቱ የምድርን ቅርጽ የሚለኩበት መነሻ አይገጥምም።

ስልክህ ላይ ያለው የካርታ መተግበሪያ ዳተም ማስመረጥ ከቻለ አዲንዳንን ምረጥ። ካልቻለ በእጅህ ደምር፦ በእኛ አካባቢ በዩቲኤም ቁጥሩ ላይ ወደ ሰሜን 200 ሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 100 ሜትር ገደማ ጨምር። መንደር ለመፈለግ ይሄ ስህተት ምንም አይደለም። አንድ የውሃ ጉድጓድ ለመፈለግ ግን ሙሉ ቀን ይበላሃል።

እግረ መንገዴን፣ አሮጌ የፈረንሳይ ካርታ ካጋጠመህ የኬንትሮሱ መነሻ ግሪንዊች ሳይሆን ፓሪስ ሊሆን ይችላል። ፓሪስ ከግሪንዊች 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ወደ ምሥራቅ ናት። ሳትጨምር ከተጠቀምክበት ድሬዳዋ ሄዳ ደብረ ብርሃን አጠገብ ታርፋለች። ቢያንስ አየሩ ይሻልሃል።

«ካርታውን ከሳተላይት ምስል ጋር ላለብሰው ስል አይገጥምም»

አንዱ ጫፍ ሲገጥም ሌላው ይሸሻል። መጀመሪያ የካርታውን ፎቶ ራሱን እይ። አጋድመህ ካነሳኸው ወይም ወረቀቱ ከታጠፈ ምንም ብታደርግ አይስተካከልም፣ እንደገና ቀጥ አድርገህ አንሳው።

ፎቶው ደህና ከሆነ ጥፋቱ ካርታውን ከምስሉ ጋር ያሰርክባቸው ነጥቦች ናቸው። እኔ ድሬን ሳለብስ የደቻቱን ወንዝ ዳር ይዤ ነበር። የማይረባ ምርጫ! ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን ከተራራ ይወርዳል። የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ያየ ሰው የወንዝ ዳር ቋሚ ነው ብሎ አይምልም። የሐረማያ ሐይቅም እንደዚያው ነው። አሮጌ ካርታ ላይ ሰፊ ውሃ ነው፣ በ1990ዎቹ ደረቀ፣ ከዚያ ደግሞ ውሃ መመለስ ጀመረ። የትኛውን ዳር ትይዛለህ?

የማይንቀሳቀስ ነገር ያዝ። ድሬ ላይ ባቡር ጣቢያውና የከዚራ ሰፈር ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች መገናኛ አሉልህ። ሐረር ላይ የጀጎል ግንብ ማዕዘኖች አሉ፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። ቢያንስ አራት ነጥብ ውሰድ፣ በአራቱም አቅጣጫ የተበተነ። ሁሉንም በሐዲዱ ላይ ከደረደርካቸው ካርታው በመስመሩ ላይ ይገጥምና ግራና ቀኙ ይወላገዳል።

«ደረስኩ፣ ግን የቱ ጋ ነው የምጀምረው?»

ስኬሉን አየኸው? በጣልያን ጊዜ ከታተሙት ብዙዎቹ 1፡400,000 ናቸው። እዚያ ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 400 ሜትር ነው። የእርሳስህ ነጥብ ራሷ አንድ ሰፈር ትሸፍናለች። እንዲህ ያለ ካርታ «ወደየት ልሂድ» ለሚለው ይሆናል እንጂ «የት ልቁም» ለሚለው አይሆንም። 1፡50,000 ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው፣ እሱ ያሠራል።

ዓመቱንም አትመነው። የጣልያን ካርታ ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን በሮማ ቁጥር ሌላ ዓመት ታገኛለህ፣ ከ1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር የፋሺስት ዘመን ነው። 16 ካለ 1937/38 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ያም ቢሆን የታተመበት እንጂ የተለካበት ዓመት ላይሆን ይችላል።

ዋናው ጥበብ ግን ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው የጠፋውን ፈልግ። የ1880ዎቹን እ.ኤ.አ. ካርታ ብታይ ድሬዳዋ የለችም፣ ጀልዴሳ ግን አለች፣ ከዘይላ የመጣው የግመል ጭነት ወደ ሐረር ለመውጣት በቅሎና አህያ ላይ የሚዛወርባት ቦታ ነበረች። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ መጣ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ድሬ ተቆረቆረች፣ ጀልዴሳ ቀስ በቀስ ከትልቅ ፊደል ወደ ትንሽ ፊደል ወረደች። እዚያ ዲቴክተር ይዤ አልሄድም፣ ታሪካዊ ቦታ ነው። አስተሳሰቡን ግን ውሰደው። ጭነት የሚወርድበት፣ ሰው ገንዘብ የሚቆጥርበት፣ በኋላ የተተወ ቦታ ነው የሚፈለገው።

«ቦታው ልክ ነው፣ የሚወጣው ግን ቆርኪና ብሎን ብቻ ነው»

ስንቴ ተበሳጭቻለሁ መሰለህ። ሐዲድ አጠገብ ከሆንክ መጀመሪያውኑ ራቅ በል። የሸመንደፈር ብሎንና ሚስማር ለመቶ ዓመት ሲረግፍ የኖረበት መሬት ነው። የሐዲዱ ንብረት ደግሞ የአንተ አይደለም።

ቆርኪ ከበዛ ግን የዛሬ ሰው የተቀመጠበት ጋ ነህ። እኛ ሁሌ ትልቁ ዛፍ ሥር ነበር የምንጀምረው፣ ጥላ ያለበት ሰው ይቀመጣል ብለን። ልክ ነው፣ ይቀመጣል፣ ይቅማል፣ ለስላሳውን ከፍቶ ቆርኪውን ይጥላል። የዛሬ ሰማንያ ዓመት ጥላ የነበረው ዛፍ ግን ተቆርጦ ከሰል ከሆነ ቆይቷል። የዛሬ የበርጫ ጥላ የትናንቱን አይነግርህም። ካርታው ላይ ያለውን የእግር መንገድ ያዝና ውሃ የሚያቋርጥበትን ፈልግ።

ለመሣሪያው ደግሞ ይቺን ሞክር። ድምፁ ጥሩ ሲመስልህ መሬት የሚጠርገውን ክብ ሳህን ቀስ እያልክ ከዒላማው ላይ አውጣው፣ ከሌላ አቅጣጫም ድገመው። ቆርኪ ከሆነ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰባበራል፣ ሳንቲም ግን ከየትም ብትመጣ አንድ ዓይነት ነው። ተራ ብረትን ዝም የሚያሰኘውን ብረት መለያ እስከ መጨረሻ ጥብቅ አታድርገው፣ አብሮ ጥሩውንም ይውጠዋል።

«ምንም ድምፅ የለም»

ወንዝ አጠገብ ነህ? መካከለኛ ዲቴክተር ሳንቲም የሚሰማው እስከ 20፣ ቢበዛ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከዚያ በላይ አሸዋ ይደለድላል። ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ካለው ዳር ጀምር። በተቃራኒው ያለ ምክንያት የሚጮህ ከሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ነህ ወይም መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር የሚያስማማውን የመሬት ማስተካከያ አልሠራህም። ራቅ በል፣ ትብነቱን ቀንስ፣ ጨረስክ።

«ትልቅ፣ ረጅም፣ ከባድ ብረት ነው»

አትቆፍር። በ1969 መጨረሻና በ1970 ድሬ፣ ሐረርና ባቢሌ ዙሪያ ጦርነት ነበር፣ ያልፈነዳ ነገር መሬት ውስጥ አለ። ጥልቅና ሰፊ ድምፅ ከሰማህ፣ የጥይት ቀለህ ብዙ ከወጣ፣ በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ለፖሊስ ተናገር። ልጆች ሲከተሉህ ከነበረ መጀመሪያ እነሱን አርቅ። ሁርሶ አካባቢም አትሂድ፣ የወታደር ማሠልጠኛ ነው።

«ካርታው ላይ ያለውን ስም ማንም አያውቀውም»

ጣልያኑ የሰማውን በራሱ ጆሮ ነው የጻፈው። ዳዋን «ዳኡአ» የሚል ሰው የኦሮምኛውንና የሶማልኛውን ስም ምን እንዳደረገው ገምት። ስሙን በዓይንህ ሳይሆን በአፍህ አንብበው፣ ጮክ ብለህ፣ ደጋግመህ። የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ እሱ ነው የሚጠቅምህም። መልካ መሻገሪያ ነው። ኤላ የውሃ ጉድጓድ ነው። ቡርቃ ምንጭ ነው። ለጋ ወንዝ። እኔ ከሁሉም መልካንና ኤላን እመርጣለሁ፣ ሰውም ከብትም ቆም የሚልበት ነውና።

አንድ «ኤላ» ነበረን፣ ሁለት ጊዜ ሄደን ያጣነው። በሦስተኛው ማሽላ የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘን። «አባባ፣ እዚህ ጋ ድሮ ጉድጓድ ነበር?» አልናቸው።

«ነበር?» አሉ። «አሁንስ የት ሄደ? ሞልተነው ነው እንጂ።» በትራቸው ከቆምንበት ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ያለ ቁልቋል አሳዩን።

ማሳው የልጃቸው ነበር። አስጠርተን ፈቀደልን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከትልሙ ሥር ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። አራት ጣት ጥልቀት ላይ አረንጓዴ የለበሰ መዳብ ነው፣ ጠርዙ እንደ አበባ ዙሪያውን የተከረከመ። በውሃ ስናጥበው አንበሳው ወጣ፣ ቀጥሎ ፲፱፻፴፮። የጃንሆይ ሃያ አምስት ሳንቲም። መጀመሪያ ክብ ነበር፣ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ሲምታታ ነው ጠርዙ የተከረከመው። ማሐለቅ ወይም ሌላ የሐረር አሚሮች ዘመን ነገር ቢሆን ኖሮ ሳንነካ ፎቶ አንስተን ባህል ቢሮ ነበር የምንደውለው፣ ይሄንንም በማግስቱ ወስደን አሳየናቸው። ከዚያ ለባለ ማሳው ልንመልስለት ሄድን።

ሽማግሌው ግን ሳንቲሙን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «በዚህ ስንት ነገር ይገዛ ነበር» ብለው ለልጃቸው ሰጡት። ከዚያ ካርታችንን ተቀብለው ዘቅዝቀው እያዩ፣ ካርታው ሌላ ሁለት ጉድጓድ እንደረሳ ነገሩን።