ከወረርሽኝ በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወረርሽኝ ምክንያት ተዘግቶ የቆየ ድርጅት የመጀመሪያውን ስህተት የሚሠራው ገና ዕቅድ ሲያወጣ ነው፤ አስቀድሞ የመክፈቻውን ቀን ይቆርጥና የቀረውን ዝግጅት ሁሉ በዚያ ቀን ልክ ያሳጥረዋል። ሠራተኛውም ደንበኛውም ማወቅ ስለሚፈልጉ ቀን መቁረጥ በራሱ አይነቀፍም፤ ሆኖም ቀኑ የሚጸናው የውኃ መስመሩ ሲታጠብ፣ መሣሪያው በባለሙያ ሲፈተሽና ታሞ የሚቀረውን ሠራተኛ የሚተካ ሰው ሲዘጋጅ ብቻ መሆኑ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል መክፈቻውን የማራዘም ሥልጣን የማን እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ሌላው ይናገራል እያለ ዝም ይላል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሕንፃውና መሣሪያው እንደተተዉ ይቆዩናል ብሎ ማመን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቫይረሱ ሲጨነቅ ቧንቧውን የሚያስታውስ አይገኝም። ውኃ ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ሲቆም የተጨመረበት ክሎሪን ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ በቀላሉ ይራባል። ይህ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚጎዳው ከውኃው ጋር ሲጠጣ ሳይሆን፣ ከሻወር ወይም ከቧንቧ በሚረጭ ደቃቅ ጠብታ ወደ ሳንባ ሲገባ ሲሆን፣ የሚያስከትለውም ከባድ የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቧንቧ፣ ለዋናው መስመር ከሚቀርበው ተጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ውኃው ብዙ እንዳይረጭ በዝግታ ተከፍቶ ሊፈስ ይገባል። ቀዝቃዛው ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ይወጣና ከቆይታ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ለብ ያለው በሕንፃው ውስጥ ቆሞ የነበረው ነው፣ ቅዝቃዜው ሲመጣ ደግሞ አዲሱ ውኃ መድረሱን ያመለክታል። የማሞቂያው ጋን ውኃ ቢያንስ 60 ዲግሪ መድረሱም በቴርሞሜትር ይረጋገጥ።

ስለ መሣሪያው፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2020 በሕንድ ቪሻካፓትናም የደረሰው አደጋ ይበቃል። በእንቅስቃሴ ገደቡ ሳቢያ ሥራ አቁሞ በቆየ የፕላስቲክ ፋብሪካ፣ በጋን ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ስታይሪን የተባለ ኬሚካል ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ጨምሮ ወደ ጋዝ ተለወጠና ሰው በተኛበት ሌሊት በአካባቢው ተሰራጨ፤ 12 ሰዎች ሞቱ። ኬሚካል የማያከማች ድርጅትም ቢሆን የእሳት ማጥፊያውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና አይጥ የነካካውን ዕቃ ሳይፈትሽ ማብሪያውን መጫን የለበትም።

ሦስተኛው ስህተት ዓይን የሚያየውን ጥንቃቄ ውጤት ከሚያመጣው ማስበለጥ ነው። ጠረጴዛ ሲወለወል ይታያል፤ አየር ሲለወጥ ግን አይታይም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ለልምምድ በአንድ አዳራሽ ከተሰበሰቡ 61 መዘምራን መካከል 53ቱ በኮቪድ 19 የተያዙ ወይም ሳይያዙ እንዳልቀሩ የታመነባቸው ሆነዋል፤ ከእነዚህም ሁለቱ ሞተዋል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ምሽት መያዙን በጠረጴዛ ንክኪ ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። መስኮት መክፈት፣ ማጣሪያ መለወጥና ሰው ሲተነፍስ ወደ ክፍሉ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለኪያ መከታተል ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በውጭ አየር ውስጥ ያለው ወደ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420 ያህሉ) የሚጠጋ ስለሆነ፣ ሰው ያለበት ክፍል ከ800 አልፎ ከቆየ በቂ ንጹሕ አየር አያገኝም ማለት ነው። የበር ላይ የሙቀት ልኬትም ብዙ መተማመኛ አይሆንም፤ ሰው ምልክት ሳያሳይ ሊያስተላልፍ ይችላልና። አንድ ጊዜ ባየሁት የበር መዝገብ ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ 36.5 ብቻ ተሞልቶ ነበር፤ ጠዋት የመጣውም ቀትር ላይ የመጣውም እኩል ሞቋል።

ለዚህ መዝገብ ጥበቃውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። «የታመመ ይቅር» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ የቀረበትን ቀን ደመወዝ የሚቆርጥ ድርጅት፣ ሠራተኛው ሳሉን አፍኖ እንዲመጣ እየከፈለው ነው። የሕመም ፈቃድ ክፍያ ወጪ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ የሥራ ክፍል በሙሉ በአንድ ሳምንት ሲተኛ ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር ተነጻጽሮ ሊታይ ይገባል።

የገንዘቡን ስህተት በአጭሩ ልለፈው፤ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ተዘግቶ ሳለ ሳይሆን በከፈተ ማግስት ነው። ዕቃ አቅራቢው እንደ ቀድሞው በዱቤ አይሰጥም፣ የተጠራቀመው ኪራይ ይጠየቃል፣ ደንበኛው ግን በአንድ ጊዜ አይመለስም። ከመክፈቻው በፊት የ13 ሳምንት ገቢና ወጪ በየሳምንቱ ተከፋፍሎ ቢገመት ጉድለቱ በየትኛው ሳምንት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታያል።

በመጨረሻ፣ ከተከፈተ በኋላ የመዝጊያውን ዕቅድ መጣል የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ 19 ምክንያት ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ያወጀውን ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ያነሣው ሜይ 5 ቀን 2023 ነበር፤ በመካከሉ በብዙ አገሮች ከፍተው እንደገና የዘጉ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሲዘጋ የትኛው ቫልቭ እንደተዘጋ፣ የትኛው ማሽን ከኤሌክትሪክ እንደተነቀለ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደቀረና በመክፈቻው ቀን ምን ጎድሎ እንደተገኘ የተመዘገበበት ወረቀት ከመክፈቻው ዝርዝር ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።