ኮምጣጣ ቼሪ ደጋ ላይ ለመትከል ላሰቡ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ዙሪያ አፕል የተከለ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ኮምጣጣ ቼሪስ?» ይለኛል። ቼሪ ሲባል የቡና እሸት ወይም ኬክ ላይ የምትቀመጠው ቀይ ፍሬ ትዝ የሚለው ብዙ ነው። ይሄኛው ግን ለጭማቂ፣ ለማርማላታና ለኬክ መሙያ የሚውል፣ እንደ ጣፋጩ ቼሪ እንዲሁ ለመብላት ብዙም የማይመረጥ ፍሬ ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ግን የቼሪ ዛፍ ደህና ምርት የሚሰጠው ከተተከለ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ ተሳስቼ ነበር ቢባል፣ ያቺ አንድ ጥማድ መሬት ያን ሁሉ ዓመት ስንዴም ባቄላም ሳታበቅል ቀርታለች።

ትልቁ ስህተት «ብርድ ከሆነ እኛ ጋ ሞልቷል» ብሎ መጀመር ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በደንብ ለመንቃት ደግሞ የሚቆጥረው የቅዝቃዜ ሰዓት አለው። ባለሙያዎች በጥቅሉ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ያሳለፈውን ሰዓት ይደምራሉ። ሞንትሞረንሲ የሚባለው የታወቀ ኮምጣጣ ቼሪ ወደ 1000 ሰዓት ይፈልጋል። አና ለምትባለው አፕል 300 ያህል ይበቃታል። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የእኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው። ኅዳር ላይ ውርጭ ጥሎ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ጋቢው ይወልቃል። እስቲ እናስላው። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ቅዝቃዜ ለ90 ቀን ቢገኝ 720 ሰዓት ይሆናል። ያውም የቀኑ ሙቀት ከ16 ዲግሪ ሲያልፍ ዛፉ ሌሊት ካጠራቀመው ላይ መልሶ ይቀንሳል። አውሮፓና አሜሪካ ያለው ክረምት ግን ቀንም ሌሊትም ብርድ ነው።

የሚያታልለው ነገር ቅዝቃዜ ያነሰው ዛፍ አለመሞቱ ነው። ቁመት ይጨምራል፣ ቅጠል ያወጣል። አበባው ግን ዛሬ አንድ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለት እያለ ይንጠባጠባል። ግማሹ እምቡጥ እንደተኛ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይግዙ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱንም ከሰዓት በኋላውንም ይመዝግቡ። መንዝም ሆነ ጣርማ በር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ዘመድ ካለዎት እዚያም አራት አምስት ችግኝ ይሞክሩ። ሙከራው ሳያፈራ ማሳ ሙሉ መትከልን እኔ በፍጹም አልመክርም።

ሁለተኛው አፈሩ ላይ ነው። ቼሪ ሥሩ ውሃ ሲያቁር አይችልም። መረሬ መሬት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ይዞ ይከርማል። የእነዋሪ ገበሬ ስንዴውን ከውሃ ለማዳን በእጁ መደብና ቦይ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ለስንዴ ያ ይበቃል፤ ሥሩን ወደ ታች ለሚሰድ ዛፍ ግን አይተማመኑበት። ተዳፋትና ውሃ የማይቋጥር መሬት ይምረጡ። ችግኙ የተዳቀለበትን የታችኛውን ግንድ፣ ሩትስቶክ የሚሉትንም ይጠይቁ። ማሃሌብ ከሆነ ለአሸዋማ መሬት የሚስማማ ነው፤ እርጥበት ግን ፈጽሞ አይወድም።

ተዳፋት ካልን አይቀር፣ ውርጩንም አይርሱ። ባቄላ የዘራ ሰው ያውቀዋል፤ ውርጭ የሚበረታው ረባዳው ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ታች ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ በኮምጣጣ ቼሪ አንደኛ የሆነችው ሚሺጋን እንኳ በ2012 እ.ኤ.አ. ምርቷን ከሞላ ጎደል አጥታለች። መጋቢት ላይ ሞቀና ዛፎቹ ነቁ፤ ቀጥሎ ውርጭ መጣ። የተኛ እምቡጥ ብርድ ይችላል፣ የፈነዳ አበባ አይችልም።

ሌላው ዝርያን በስሙ ዝና ብቻ መምረጥ ነው። መጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ ይወቁ። ሞንትሞረንሲ ላዩ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሥጋው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጭማቂውም ፈዘዝ ያለ ነው። ለኬክ መሙያ ይወደዳል። ሞሬሎ የሚባሉት ወገኖች ጭማቂያቸው እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ነው። ሀንጋሪዎች ኡይፌሄርቶይ ፉርቶሽ የሚሉት፣ አሜሪካ ሲገባ ባላቶን የተባለው ዝርያ ደግሞ ሥጋውም ጭማቂውም ቀይ ነው። ፍሬውም ጠንከር ይላል። ጭማቂ ለሚያመርት ሰው ሞንትሞረንሲ ይዘው ቢሄዱ በቀለሙ ላይስማማ ይችላል።

አብዛኞቹ ኮምጣጣ ቼሪዎች በራሳቸው የአበባ ብናኝ ያፈራሉ። ግን ሁሉም አይደሉም። ፓንዲ የሚባለው የሀንጋሪ ዝርያ ፍሬው ግሩም ሆኖ ሳለ አጠገቡ ሌላ ዝርያ ካልተተከለ አያፈራም። ኤርዲ በተርሜ የተባለውን የወለዱት ይህን ችግር ለመሻገር ነው፤ እሱ ያለ ጎረቤት ያፈራል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ዘር ወይም ቅርንጫፍስ? እባክዎ ይቅርብዎ። ከዘር የበቀለ ዛፍ እናቱን አይመስልም። ቅርንጫፉም ዘሩም የቼሪ ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል። ቫይረሱ በአበባ ብናኝም ስለሚተላለፍ የጎረቤትን ፕሪምና ኮክ ሊነካ ይችላል። በፈቃድና በኳራንታይን በኩል የገባ፣ ከቫይረስ ነፃ የሚል የምስክር ወረቀት ያለው ችግኝ ብቻ ይትከሉ።

የመጨረሻው የለቀማው ጉዳይ ነው። ኮምጣጣ ቼሪ እንደ አፕል ሳምንታት አይጠብቅም። ትልልቆቹ እርሻዎች ግንዱን በማሽን ነቅንቀው ፍሬውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይከታሉ፤ ወዲያው ዘሩን አውጥተው ያቀዘቅዙታል። እኛ በእጅ ነው የምንለቅመው። አንዱ ፍሬ 5 ግራም ቢመዝን ለአንድ ኪሎ 200 ፍሬ ያስፈልጋል። ሰፈሩ ውስጥ ማቀዝቀዣና ዘር ማውጫ ከሌለ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርሰው የተጨፈለቀ ፍሬ ነው። ዘሩ ሳይወጣ ጁስ ቤት ማሽን ውስጥ መጨመርም አደጋ አለው፤ ዘሩ ሲደቅ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል። ለጁስ ቤት የሚሸጡ ከሆነ ዘሩን አውጥተው ያስረክቡ።