«ነበር» የበዛበትን ታሪክ እንዴት አቃናሁት

ባለ ስድስት ገጹ አጭር ልቦለዴ ነፍስ አጣብኝ። ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ በ«ነበር» ያልቃል፤ ሲነበብ ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል ይመስላል። አሥር ቀን ባከነብኝ።

መጀመሪያ «ነበር»ን በማይክሮሶፍት ወርድ እየፈለግሁ ሰረዝሁ። ባሰበት፤ «ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ፣ ፒያሳን ሸፍኖ» ብሎ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነገር ተረፈኝ። ቀጥሎ ቅጽል ጨመርሁ። እሱን ባላነሳው ይሻላል።

ነገሩ የተፈታው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ ነው። ጓደኛዬ ስለምን እንደምጽፍ ጠየቀኝና ታሪኩን አወራሁለት። መንገድ ላይ፣ ሐረጎ ስንደርስ፣ የራሴ አፍ ተሰማኝ፦ «ጭጋጉ ከጦሳ ይወርዳል፤ ሴትየዋ ጀበናዋን አንስታ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ከሰሉን ግን ትረሳዋለች።» አንድም «ነበር» የለም! ከሰሉ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም።

ማታ ረቂቁን ዘግቼ ታሪኩን ከመጀመሪያው በስልኬ የድምፅ መቅጃ ተረክሁት። ከዚያ እያዳመጥሁ እንደ አዲስ በእስክሪብቶ ጻፍሁ። ከዋናው ድርጊት ቀድሞ የተፈጸመውን ብቻ በ«ነበር» ተውሁት፤ እዚያ ቦታው ነው። ስድስቱ ገጽ አራት ሆነ። መዝጊያው አንቀጽ አሁንም ትንሽ ያነክሳል፤ እሱን ነገ እንደገና እተርከዋለሁ።